የ2002ቱ «ታይም ማሽን» ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ትችት በ2002 የወጣውን «ታይም ማሽን» የተሰኘ ፊልም ክፉኛ ይኮንናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የትችቱ ክስ በአጭሩ ይህ ነው፦ የ1960ው የጆርጅ ፓል ፊልም ለኤች. ጂ. ዌልስ መጽሐፍ ታማኝ ነበር፤ የ2002ቱ ግን ከዳው። ያለቦታው የፍቅር ታሪክ ጨመረ፣ የጊዜ ጉዞ ሕጉ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ሁሉን ነገር በኮምፒውተር ሠራው፣ ኤሎዮቹን (የሩቁን ዘመን ፍጡራን) ያለ ምክንያት ጠይም አደረጋቸው። ከፊልሙ ውስጥ የሚመሰገነው የጨረቃዋ መፍረስ ብቻ ነው፣ ሳይንሳዊ ነውና። ዳይሬክተሩ የዌልስ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ ደግሞ ጥፋቱን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእንግዲህ ማንም ሊነካው አይገባም።

ፊልሙ እንከን የለበትም ልንል አልተነሣንም። አለበት፣ ያውም ትልቅ። ነገር ግን ጸሐፊው የኮነኗቸው አብዛኞቹ ነገሮች የፊልሙ ደህና ነገሮች ናቸው፤ ዋናውን ጥፋት ደግሞ አመስግነውታል።

መጽሐፉን ላላነበበ፦ ዌልስ ያሳተመው በ1895 ለንደን ውስጥ ነው። ስሙ የማይነገረን፣ ሪችመንድ የሚኖር አንድ ተመራማሪ ከኒኬል፣ ከዝሆን ጥርስና ከክሪስታል በሠራው ማሽን ላይ ተቀምጦ ወደ 802,701 ዓመት ይሄዳል። ከመሬት በላይ ኤሎይ የሚባሉ ትንንሽ፣ ቆንጆ፣ ሥራ የማያውቁ ፍጡራን ፍራፍሬ እየበሉ ይኖራሉ። ከመሬት በታች ብርሃን የማይችሉ፣ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሞርሎኮች አሉ። ኤሎዮቹን የሚያለብሷቸው ሞርሎኮች ናቸው፤ የሚበሏቸውም እነሱው ናቸው።

የ1960ው ፊልም ታማኝ ነው ስለሚለው

ይህ አባባል መጽሐፉን ከፊልሙ ጎን አድርጎ ላየ ሰው አይጸናም። በመጽሐፉ የሰው ዘር ለሁለት የተከፈለው በጦርነት አይደለም። ባለጸጋው መሬቱን ለራሱ እያጠረ፣ ሠራተኛውን ከነፋብሪካው ወደ ምድር ቤት እየገፋ፣ ይህ ለብዙ ሺህ ዘመን ሲቀጥል ሁለቱ ወገኖች መጋባትም መተያየትም አቁመው ሁለት ዓይነት ፍጡር ሆኑ። ዌልስ ይህን ከሜዳ አላመጣውም። እናቱ አፕፓርክ በሚባል የባለርስቶች ቤት የሠራተኞች ኃላፊ ነበረች፤ በዚያ ግቢ አገልጋዮች የሚመላለሱት በመሬት ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ነበር። እሱም በልጅነቱ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ሠርቷል። ተጓዡም በመጽሐፉ ውስጥ የምሥራቅ ለንደንን ሠራተኞች ጠቅሶ፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬስ ቢሆን ከምድር ገጽ ተቆርጠው አይደለም ወይ የሚኖሩት ብሎ ይጠይቃል።

ፓልና ስክሪፕቱን የጻፈው ዴቪድ ደንከን ይህን ሁሉ አውጥተው ጦርነት አስገቡ። ተጓዡ ጆርጅ ተባለ፤ ሮድ ቴይለር ነው የሚጫወተው። በ1917፣ በ1940 እና በ1966 እየቆመ ሦስት ጦርነት ያያል፤ ሦስተኛው የኑክሌር ነው። በ802,701 ደግሞ እየተሽከረከሩ የሚናገሩ ቀለበቶች በምሥራቅና በምዕራብ መካከል 326 ዓመት የፈጀ ጦርነት አየሩን እንደመረዘውና ከተረፉት ከፊሉ ከመሬት በታች እንደቀሩ ይነግሩታል። በመጽሐፉ ዊና የምትባለው ኤሎይ ወዳጁ ጫካው በተቃጠለበት ሌሊት ትጠፋለች፤ በፊልሙ ትተርፋለች፣ እሱም ሦስት መጻሕፍት ይዞ ወደ እሷ ይመለሳል። በመጽሐፉ ካሜራና ሻንጣ ይዞ ሄዶ በዚያው ይቀራል፤ ተራኪው ሦስት ዓመት ጠብቆታል። በመጽሐፉ ኤሎዮች የራሳቸው ቀላል ቋንቋ አላቸው፣ ተጓዡም ከእነሱ ይማረዋል፤ በፊልሙ እንግሊዝኛ ይናገራሉ።

ይህን የምንለው የፓልን ፊልም ለማሳነስ አይደለም። የአየር ጥቃት ሳይረን ሲጮኽ ኤሎዮቹ በቁማቸው እንዳንቀላፋ ሰው ተሰልፈው ወደ ሞርሎኮቹ በር የሚነዱበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። የለንደን ሕዝብ በጦርነቱ ጊዜ ያንን ድምፅ ሲሰማ ወደ መጠለያ ይወርድ ነበር፤ ፓል ያ ልማድ ከትርጉሙ ተለይቶ ለ800,000 ዓመት እንዲተርፍ አደረገው። ግሩም ፈጠራ ነው። እንግዲህ መለወጥ በ1960 ጥበብ ከሆነ በ2002 ክህደት የሚባልበት ምክንያት አይታየንም። አንድን ሪሜክ (ዳግም የተሠራ ፊልም) ስንመዝን የምንጠይቀው ያን ለውጥ በማድረጉ ምን አተረፈ ብለን ነው።

ስለ ፍቅር ታሪኩ

በ2002ቱ ፊልም ተጓዡ አሌክሳንደር ሃርትዴገን (ጋይ ፒርስ) ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በ1899 እጮኛው ኤማ ለጋብቻ በጠየቃት ምሽት መናፈሻ ውስጥ በዘራፊ እጅ ትሞታለች። አራት ዓመት በሩን ዘግቶ ማሽኑን ይሠራል፣ ወደዚያች ምሽት ይመለሳል፣ ከመናፈሻው ያርቃታል። ኤማ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ አደጋ ትሞታለች።

ጸሐፊው ይህን እንባ ማስፈሰሻ ይሉታል፤ የዌልስ ተጓዥ የሚሄደው ለእውቀት ብቻ ነው በማለት። እኛ ግን ከፊልሙ ለውጦች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው እንላለን። በመጽሐፉ ያለው ማሽን ወደ ኋላም መሄድ ይችላል፤ ሆኖም ዌልስ ተጓዡን ያለፈውን ሊያስተካክል ወደ ኋላ አልላከውም። መጽሐፉን የዘጋ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ያ ነው፦ ማሽኑ ካለህ የሞተብህን ሰው ለማዳን ለምን አትመለስም? የ1960ው ፊልምም ዝም ብሎ አለፈው። የ2002ቱ ጥያቄውን ከፊት አስቀመጠ፣ ተጓዡም ወደ ወደፊት የሚሄድበት ምክንያት አገኘ፤ ያለፈው ለምን እንደማይለወጥ የሚነግረው ሰው ፍለጋ ነው የሚሄደው። በ2030 የኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቮክስ የተባለውን የብርሃን ምስል (ኦርላንዶ ጆንስ) ሲጠይቀው ምስሉ ወደ ኋላ መጓዝ ስለማይቻል ነው ብሎ ይመልስለታል፤ ጠያቂው ደግሞ ወደ ኋላ ተጉዞ የመጣ ነው። ከፊልሙ ምርጥ ትዕይንቶች አንዱ ይህ ነው።

ሕጉ ይጋጫል ስለሚለው

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጸሐፊው የሚሉት ይህ ነው፦ ኤማ ልትድን ካልቻለች ጊዜ አይለወጥም ማለት ነው፤ ታዲያ አሌክሳንደር በመጨረሻ የሞርሎኮችን ዘመን እንዴት ለወጠው?

ፊልሙ ያወጣው ሕግ ግን ጊዜ አይለወጥም የሚል አይደለም። የሞርሎኮቹ አለቃ (ጄረሚ አይረንስ) የሚሰጠው መልስ ከዚያ የጠበበ ነው። ማሽኑን የሠራኸው ኤማ ስለሞተች ነው፤ በሕይወት ብትኖር ማሽኑ ባልተሠራ ነበር፤ ባልተሠራ ማሽን ተመልሰህ እንዴት ታድናታለህ? ሕጉ ሲጠቃለል፣ ጉዞው የራሱን መነሻ ሊያፈርስ አይችልም። ከዚያ ሰንሰለት ውጭ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ሞርሎኮች መኖራቸው ማሽኑ እንዲሠራ ምክንያት አልሆነም፤ ስለዚህ እነሱን ማጥፋት ከኤማ ጉዳይ ጋር አይጣላም። ጸሐፊው ያዩት ግጭት የለም።

ያላዩት ግጭት ግን አለ፣ ሁለት ቦታ።

የመጀመሪያው ጋሪው ላይ ነው። ኤማን ዘራፊ በገደላት ታሪክ ውስጥ አሌክሳንደር ማሽኑን ሠራ። ተመለሰ፣ ከመናፈሻው አወጣት፣ ጋሪ ገደላት። በዚህ በአዲሱ ታሪክ የሚቀረው የ1899ኙ አሌክሳንደር የሚያውቀው የጋሪውን አደጋ ነው፤ ዘራፊውን አያውቀውም። እሱም አዝኖ አራት ዓመት ሠራ እንበል። ሲመለስ የሚያርቃት ከጋሪው መንገድ ነው። እንግዲያውስ መጀመሪያ ከመናፈሻው አውጥቶ ጋሪው ወዳለበት መንገድ ያመጣት ማን ነው? ያ ተጓዥ ከእንግዲህ የለም። ሕጉ የማሽኑን መሠራት አዳነ፣ የጉዞውን ምክንያት ግን አላዳነም።

ይህን የሚያስተካክሉ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው የማይለወጥ አንድ መስመር ነው፤ ተጓዡ ተመልሶ የሚያደርገው ሁሉ ከመጀመሪያውም የታሪኩ ክፍል ነበር። በዚህ መንገድ ቢሠራ ኖሮ ዘራፊው መሣሪያውን የተኮሰው ከጨለማው ብቅ ያለ አንድ ሰው ስላስደነገጠው መሆን ነበረበት፤ ያ ሰው ደግሞ ከ1903 የመጣው አሌክሳንደር ራሱ። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ያዳናት ኤማ በሌላ መስመር ትኖራለች፣ እሱ ግን ከእሷ ጋር የሚኖር ሌላ አሌክሳንደር ስላለ ባዶ እጁን ይወጣል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፣ ሁለቱም ይገጥማሉ። ፊልሙ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያቃና ነገር ሆነ፤ በምን ኃይል እንደሚያቃና አይነገረንም። በዚያ ላይ አሌክሳንደር ሞክሮ የተወው አንዴ ብቻ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ሰው በአንድ ሙከራ ሺህ ጊዜ ብመለስ ሺህ ጊዜ ትሞታለች ብሎ ሲደመድም አያሳምንም። ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራ በአጭር በአጭሩ ቢታይ ድምዳሜው ክብደት ያገኝ ነበር።

ሁለተኛው ግጭት መጨረሻው ላይ ነው። አሌክሳንደር ከሞርሎኮቹ አለቃ ጋር ማሽኑ ላይ ሲታገል ወደ ሩቅ ዘመን ያልፍና 635,427,810 ዓመት ላይ ይቆማል። ምድሪቱ በሞርሎኮች ተይዛ ጠፍ ሆና ያያል። ያየው ነገር ወደ 802,701 ተመልሶ የማሽኑን ማርሽ በማጨናነቅ እንዲያፈነዳውና ሞርሎኮቹን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። እንግዲህ የአለቃውን ሕግ እዚህ ላይ እናምጣው። ያ ጠፍ ምድር ካልኖረ አሌክሳንደር አያየውም፤ ካላየው ቁርጥ ውሳኔው ላይ አይደርስም። ውጤቱ መነሻውን አጠፋ። ኤማን ለማዳን የተከለከለው ነገር ሞርሎኮችን ለማጥፋት ተፈቀደ። ጸሐፊው ግጭት አለ ማለታቸው ልክ ሆኖ ሳለ ያመለከቱት ቦታ ግን የተሳሳተ ነው። አስተካካዩም ቀላል ነበር፦ የ635 ሚሊዮኑን ትዕይንት አውጥቶ ውሳኔው ኤሎይቷን ማራን (ሳማንታ ሙምባ) ከጓዳቸው ለማውጣት ብቻ የተደረገ ማድረግ።

ሁሉም በኮምፒውተር ተሠራ ስለሚለው

የሁለቱ ፊልሞች አሠራር በሰፊው ስለሚታወቅ ይህ ክስ ያስገርማል። የ2002ቱ ሞርሎኮች በስታን ዊንስተን ስቱዲዮ የተሠሩ፣ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚያንቀሳቅሳቸው ልብሶችና በሞተር የሚነቃነቁ ፊቶች ናቸው፤ ኮምፒውተር የገባው ሰው ሊዘል የማይችለውን ሲዘሉ ነው። ፊልሙ ለኦስካር የታጨው በሜካፕ ነበር። ማሽኑም በሙሉ መጠኑ የተሠራ፣ ተዋናዩ የሚቀመጥበት ነበር። ኮምፒውተሩ ዋና ሥራውን የሠራው ጉዞው ላይ ነው፤ ካሜራው ከቤተ ሙከራው ተነሥቶ፣ ሕንፃዎች ከዙሪያው እየበቀሉ፣ ሳይቆረጥ እስከ ጨረቃ ድረስ ይወጣል።

የ1960ው ጉዞ ግን በእጅ የተሠራ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሁለቱም ፊልሞች ፍርዱን ያቀናል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል። አንድ አበባ ለመፈንዳት 10 ሰዓት ቢፈጅበትና በስክሪን ላይ በ5 ሴኮንድ እንዲፈነዳ ቢፈለግ 120 ፍሬም ያስፈልጋል፤ 600 ደቂቃ ለ120 ሲካፈል በየ5 ደቂቃው አንድ ፍሬም ይነሣል። ካሜራው ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ በአጠገቡ ሰው ቢራመድ ምስሉ ይዘላል። መብራቱ 10 ሰዓት ሙሉ ከበራ ሙቀቱ አበባውን ስለሚያጠወልገው ለእያንዳንዱ ፍሬም በርቶ ወዲያው ይጠፋል። መስኮቱ ይሸፈናል፤ አለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲልም እንደዚሁ። አበባው ሲከፈት ወደ ሌንሱ ስለሚጠጋ ፎከሱ አስቀድሞ ከመነሻውና ከመድረሻው መሐል ላይ ይስተካከላል። ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ የሚጠገን ነገር የለም፣ እንደገና ከፍሬም አንድ ይጀመራል።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የልብስ ሱቅ መስኮት ደግሞ በሌላ ዘዴ የሚሠራ ነው። ጆርጅ ከማሽኑ ላይ ሆኖ የመስኮቷን አሻንጉሊት ያያል፤ ልብሷ ከፋሽን ወደ ፋሽን ይቀየራል፣ እሷ ግን አታረጅም። አንዱን ልብስ በሌላው ውስጥ ማቅለጥ በካሜራ ሲሠራ፣ በመጨረሻዎቹ 24 ፍሬሞች ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ፊልሙ በጨለማ 24 ፍሬም ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ልብሱ ይቀየራል፤ መዝጊያው በ24 ፍሬም ቀስ ብሎ ይከፈታል። ቆጣሪው በሁለት በሦስት ፍሬም ከተሳሳተ መጋጠሚያው ይጠቁራል ወይም ይነጣል። አሻንጉሊቷ በጣት ስፋት ከተነቃነቀች ዘመኑ ያለፈ ሳይሆን እሷ የዘለለች ትመስላለች። በ1966 ከተማውን የሚያጥለቀልቀው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ደግሞ ቀለም የገባበት የአጃ ገንፎ ነበር። ጂን ዋረንና ቲም ባር በዚህ ሥራ ኦስካር ወሰዱ፤ አብሯቸው የሠራው ዋ ቻንግ ስሙ ከሽልማቱ ውጭ ቀረ፤ ይህ እስካሁን ያሳዝናል።

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? የሱቁ መስኮት ይበልጣል፤ ምክንያቱ ግን የእጅ ሥራ መሆኑ አይደለም። መስኮቱ ዘመንን የሚያሳየው አንድ ሰው ሊከተለው በሚችል አንድ ነገር ነው። ቀሚሱ ሲያጥር ተመልካቹ ዓመቱን ራሱ ይገምታል። የ2002ቱ ረጅም ምስል ከተማ፣ አውሮፕላን፣ ሳተላይትና ጨረቃ በአንድ ትንፋሽ ስለሚያሳይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አያገኝም። ይህ የምርጫ ስህተት ነው፤ በኮምፒውተርም የሱቅ መስኮት መሥራት ይቻላል።

ስለ ኤሎዮቹ መልክ

የዌልስ ኤሎዮች ቁመታቸው አራት ጫማ ገደማ የሆነ፣ ቀጫጭን፣ ደካማ ፍጡራን ናቸው። የ1960ው ፊልም በወርቃማ ጸጉር ወጣቶች ተካቸው፤ ዊናን ኢቬት ሚሚዩ ናት የምትጫወተው። በ2002 ማራን የምትጫወተው ሳማንታ ሙምባ አየርላንዳዊት ናት፣ አባቷ ዛምቢያዊ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ሳይጠይቁ ሁለተኛውን ብቻ ምክንያት አምጣ ይሉታል።

በእኛው አገር ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ የተገኙት የሰው ቅሪቶች ቢያንስ 230,000 ዓመት ያህል እንዳላቸው በ2022 ተለክቷል። ፊልሙ ወደ ፊት የሚሄድበት ጊዜ ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል 32,000 ትውልድ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የ1950ዎቹን የሆሊዉድ ጸጉር ይዞ መገኘት ነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው።

በኤሎዮቹ ላይ ሊነሣ የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። የዌልስ ኤሎዮች የተበላሹት በምቾት ነው። የ2002ቱ ግን ገደል ላይ ቤት የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቋንቋቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው፤ የጎደላቸው ሞርሎኮችን አለመዋጋታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከውጭ የመጣ ነጭ ሰው መዋጋትን የሚያስተምርበት ታሪክ ሆነ። ቆዳቸው ምንም አላበላሸም፤ ጥፋቱ ብልሃተኛ ሕዝብን ለ800,000 ዓመት አንድ እንግዳ ሲጠብቅ ማስቀመጥ ነው።

ጨረቃዋ ሳይንሳዊ ናት ስለሚለው

ጸሐፊው ያመሰገኑት ይህን ነው፤ የፊልሙ ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። በፊልሙ በ2037 ጨረቃ ላይ መኖሪያ ለመቆፈር የተጠመዱ ፈንጂዎች ምህዋሯን አናግተው ትፈራርሳለች፤ ከፊሉ ሰው ከመሬት በታች ገብቶ ሞርሎክ ይሆናል፣ ከላይ የቀረው ኤሎይ።

ሒሳቡን እንይ። ጨረቃን በራሷ ስበት ከተያያዘችበት ፈጽሞ ለመበተን የሚያስፈልገው ኃይል በጁል (የኃይል መለኪያ ነው) 12 ብሎ ከኋላው 28 ዜሮ ነው። ከተፈነዱት የኑክሌር ቦምቦች ሁሉ ትልቁ፣ ሶቪየት ኅብረት በ1961 ኖቫያ ዜምልያ ላይ ያፈነዳችው የ50 ሜጋቶን ቦምብ፣ 21 ብሎ ከኋላው 16 ዜሮ ጁል ነው። ለሥራው ወደ 600 ቢሊዮን እንዲህ ያሉ ቦምቦች ያስፈልጋሉ። አይ፣ ምህዋሯ ተናግቶ ወደ ምድር ስትጠጋ የምድር ስበት ነው የሰበራት ከተባለ ደግሞ፣ ይህ የሚሆነው ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስትቀርብ ነው፤ አሁን ያለችው 384,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚፈልገው ኃይልም ከጥቂት ቁፋሮ ፈንጂ አይገኝም። ደግሞም እውነት ብትፈርስና ስብርባሪዋ ምድር ላይ ቢዘንብ የሚፈጠረው ሙቀት ከመሬት በላይ የሚተርፍ ሰው አያስቀርም፤ ኤሎይ የሚሆን አይኖርም። በምህዋር የቀረውም ቢሆን በ800,000 ዓመት ውስጥ ወይ ተመልሶ ይጓጎላል ወይ ቀለበት ሆኖ ይዘረጋል፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ትናንት የተሰበረች መስላ ተንጠልጥላለች።

የቁጥሩ ስህተት ብቻውን ቢሆን ይቅር ይባል ነበር፤ የዌልስ ማሽንም በፊዚክስ አይቆምም። የባሰው ጨረቃዋ ታሪኩ ላይ ያደረገችው ነው። በመጽሐፉ ሞርሎኮችን የፈጠራቸው ሰው ነው፤ ያውም መጽሐፉን ገዝቶ የሚያነበው ባለጸጋ ክፍል። ኤሎይ የአንባቢው የልጅ ልጅ ነው፣ የሚበላውም አያቱ በሠራው ሥራ ነው። ፓል ክሱን ከመደብ ወደ ጦርነት አዞረው፣ ጥፋተኛው ግን ሰው እንደሆነ ቀረ። የ2002ቱ ፊልም ክሱን ወደ ቁፋሮ አደጋ አወረደው። በአደጋ ማን ይጠየቃል? ማንም። ለዚህ ነው ሞርሎኮቹ ጭራቅ ብቻ ሆነው የቀሩት፤ አለቃቸው እኔ የአንተ ውጤት ነኝ ብሎ ለአሌክሳንደር ሲነግረው አባባሉ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። በመጽሐፉ ቢሆን ያ ቃል ፍርድ ይሆን ነበር።

ስለ ዳይሬክተሩና ስለ ገቢው

ሳይመን ዌልስ የደራሲው የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ለፊልሙ ግን ምስጋናም ወቀሳም አይጨምርም። ከዚያ በፊት የሠራው አኒሜሽን ነበር። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል በድካም ስለወጣ የመጨረሻዎቹን 18 ቀናት ጎር ቨርቢንስኪ ነው የመራው። ስክሪፕቱም የጆን ሎጋን ነው፣ ከደንከን የ1960 ጽሑፍ ተነሥቶ። ወጪው 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 123 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲያነሱ ትርፍ የሚባል አይቀርም። ይህ ግን የጥበብ ሚዛን አይደለም።

ከእንግዲህ ማንም አይንካው ስለሚለው

አይደለም፣ ይነካ። ከመጽሐፉ ዋነኛው ክፍል በሁለቱም ፊልሞች አልተነካም። ተጓዡ ከሞርሎኮች አምልጦ ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ባሕሩ ዳር ይቆማል፤ ፀሐይ ቀይና ግዙፍ ሆና ከአድማስ ላይ አትንቀሳቀስም፣ ምድር አንድ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለችና። ሞገድ የለም፣ ዳርቻው ላይ ጨው ወፍራም ሮዝ ቅርፊት ሠርቷል፣ ጠረጴዛ የሚያክሉ ሸርጣኖች በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያም ይቀጥላል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ርቆ፣ በረዶ እየዘነበ፣ ፀሐይ በግርዶሽ ስትጨልም ያያል።

የሚሠራው ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ ሳይንሱ ነው። ዌልስ የጻፈው ፀሐይ በምን ኃይል እንደምትነድ ገና ሳይታወቅ ነው፤ ዛሬ እንደምናውቀው በ30 ሚሊዮን ዓመት አትቀዘቅዝም፣ የምታብጠውና የምትቀላው ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቁጥሩን መቀየር አያስቸግርም። የመጽሐፉ ማሽን አራት መቁጠሪያ አለው፤ ቀናት፣ ሺህ ቀናት፣ ሚሊዮን ቀናትና ሺህ ሚሊዮን ቀናት የሚቆጥሩ። 802,701 ላይ ሲደርስ ሦስተኛው መቁጠሪያ 292 ላይ ይሆናል፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ላይ አራተኛው 11 ላይ ይደርሳል፤ 5 ቢሊዮን ዓመት ላይ ደግሞ ከ1,800 ያልፋል። ተዋናዩ ምንም ሳይናገር መቁጠሪያውን በቅርብ ማሳየት ብቻ ይበቃል። ሁለቱም ፊልሞች ቀን፣ ወርና ዓመት የሚያሳይ ሰሌዳ መርጠው ይህን ዕድል አልተጠቀሙበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ መብት ነው። ዌልስ በ1946 ስለሞተ መጽሐፉ በብሪታንያ ከ2017 ጀምሮ ነጻ ነው፣ በአሜሪካም ከዚያ በፊት ነጻ ወጥቷል። የፓል ፈጠራዎች ግን ነጻ አይደሉም። ከኋላው ትልቅ ክብ የሚሽከረከርበት ሸርተቴ መሳይ ማሽን፣ ሳይረኑ፣ የሚናገሩት ቀለበቶችና ሦስቱ መጻሕፍት የፊልሙ ናቸው፤ ቮክስም የ2002ቱ ነው። መብቱን ያልገዛ ሰው ከእነዚህ ይራቅ። ባለጸጋውና ሠራተኛው፣ ሞርሎኮች የሚያለብሷቸው ኤሎዮች፣ አራቱ መቁጠሪያዎች፣ ጨው የጋገረበት የባሕር ዳርቻና ሸርጣኖቹ ግን የመጽሐፉ ናቸው፤ ያለ ማንም ፈቃድ ሊቀረጹ ይችላሉ።